መሸሻ የሌለው ውሃ፦ ቆሮሶና አምባዛ በአንድ ኩሬ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል።)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርታችን የዓሣ ኩሬ ለቆፈራችሁና ለመቆፈር ለምታስቡ ሁሉ ነው። አካባቢያችን ፎገራ የውሃ አገር ነው። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ክረምት ሲገባ ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። ከይፋግ ዝቅ ብሎ፣ በወረታ በኩል እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው ጥቁር አፈር ሩዝ የሚያበቅለው ውሃ ስለሚይዝ ነው፤ ውሃ የሚይዝ አፈር ደግሞ ለዓሣ ኩሬም ይሆናል። እኔ የማዝነው ይህን ያህል ጸጋ ይዘን፣ ጉልበታችንን አፍስሰን ኩሬ ቆፍረን፣ ጫጩት ካስገባን በኋላ ዓሣው እርስ በርሱ ተበላልቶና ተዳክሞ ባዶ ውሃ ስንታቀፍ ነው። አብረው መኖር የማይችሉ ዓሦች በአንድ ውሃ ሲገቡ ምን ይሆናል? ምንስ ማድረግ ይቻላል? አስቀድመን ግን ይህን ጭውውት እናድምጥ።

(ድምፅ፦ የውሃ መንቦጫረቅ፤ ከሩቅ ከብት ሲጮኽ።)

አርሶ አደር፦ ነይ እስቲ ልጄ፣ ነይና እዪልኝ። ይኸው ኩሬው። ውሃው አልጎደለ፣ ሌባ አልገባበት። ዓሣው ወዴት ሄደ?

ባለሙያ፦ ስንት ጨምረው ነበር፣ አባቴ?

አርሶ አደር፦ ሦስት መቶ ቆሮሶ። ጣት ጣት የሚያካክል። ትናንት ልጆቹ መረብ ቢጥሉ አርባ እንኳ አልሞላም።

ባለሙያ፦ ቆሮሶ ብቻ ነው ያለው?

አርሶ አደር፦ ኧረ አምባዛም አለበት። የጎረቤቴ ልጅ ከወንዝ ይዞ ሃያ አመጣልኝ። እነሱ እንኳ ከፍ ከፍ ያሉ ናቸው።

ባለሙያ፦ ከፍ ያሉ ሲሉ ምን ያህል ይሆናሉ?

አርሶ አደር፦ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ቢሆኑ ነው።

ባለሙያ፦ አይ አባቴ! ቆሮሶው የትም አልሄደም። አምባዛው በልቶታል።

አርሶ አደር፦ እንዴት ይሆናል? ጣና ላይ አብረው አይደል እንዴ የሚኖሩት?

(አጭር ሙዚቃ።)

አቅራቢ፦ አባታችን ያነሱት ጥያቄ የዛሬው ትምህርት ሁሉ የተንጠለጠለበት ነው። እውነታቸውን ነው፣ ጣና ላይ ቆሮሶም አምባዛም ነጭ ዓሣም ቤሶም አብረው ይኖራሉ። ታዲያ ሐይቅ ላይ የሚቻለው ኩሬ ላይ ለምን አይቻልም?

የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አምባዛ ቆሮሶን አይነካውም ማለት አይደለም፤ ያሳድደዋል፣ ካገኘውም ይበላዋል። ነገር ግን ቆሮሶው መሸሻ አለው። ደንገል ውስጥ ይገባል፣ ከድንጋይ ሥር ይሸጎጣል፣ ካልሆነም ርቆ ይሄዳል። ጠቡ በሽሽት ያልቃል። የእናንተ ኩሬ ግን 10 ሜትር በ15 ሜትር ነው እንበል። ተባራሪው ዳር ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ ሲዞር የሚገጥመው ያው አባራሪው ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። በሐይቅ የአንድ አፍታ ጉዳይ የነበረው ጠብ በኩሬ የዕለት ተዕለት ኑሮ ይሆናል። ስለዚህ "አምባዛ ክፉ ዘር ነው" ብለን ከማሳደዳችን በፊት አንድ ነገር እንወቅ፦ ሐይቁ በተፈጥሮው የሚሰጠውን መሸሻ ኩሬ ላይ መስጠት ያለበት ባለ ኩሬው ነው። የምንሰጠውም በዓሣው መጠን፣ በምናስገባበት ጊዜ፣ በመኖ አሰጣጥና በመጠለያ ነው።

ጣና ሌላም ትምህርት አለው። በሐይቁ ውስጥ ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ዓሦች አንድ ዘር ብቻ አይደሉም። ከኔዘርላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት 15 የተለያዩ ዝርያዎችን ለይተዋል። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በሊታ ናቸው፤ በአፋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ዓሣ እያደኑ ይኖራሉ። የቀሩት ደግሞ ከፊሉ ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ይሰብራል፣ ከፊሉ ዕፅዋት ይግጣል፣ ከፊሉ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ይለቅማል። አንዱ ድንጋያማ ዳር ይወዳል፣ ሌላው ሰፊውን ውሃ። አብረው የሚኖሩት ተዋደው ሳይሆን ማዕዳቸውና ሰፈራቸው ስለተለያየ ነው። ኩሬ ላይ ሁለት ዓይነት ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰውም መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "ሁለቱ ምን ይበላሉ? የት ይውላሉ?" ብሎ ነው።

ይህ ሚዛን ሲፈርስ የሚሆነውን የቪክቶሪያ ሐይቅ ሰዎች አይተውታል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በላ ወደዚያ ሐይቅ ተጨመረ። በ1980ዎቹ ቁጥሩ ፈንድቶ በሐይቁ ብቻ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎችን ወደ መጥፋት አደረሳቸው። ይህ ዓሣ በታችኛው ዓባይ አለ፤ ወደ ጣና ግን አልወጣም፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይገድበዋልና። ይህን ዓሣ በጀሪካን ከፏፏቴው በላይ የሚያሻግር ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ የሁላችንም ኃላፊነት ነው። ከሌላ ሐይቅ የመጣ ዓሣ ኩሬያችሁ ውስጥ ካለ፣ ለርብ ወይም ለጉማራ እንዳታሳልፉት አደራ።

(ሙዚቃ፤ ሦስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ኩሬው እንመለስ። በኩሬ ውስጥ የሚታየው ግጭት ሁለት ዓይነት ነው፤ መበላላትና መጣላት። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

መበላላቱን ከአምባዛ እንጀምር። አምባዛ ቀን ቀን ጭቃ ላይ ጋደም ብሎ ይውላል፤ ማታ ግን በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ጢሞቹ እየዳሰሰ ያድናል። ጨለማ አያግደውም፣ የደፈረሰ ውሃ አያግደውም። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ደግሞ ከጉንጩ ጀርባ ያለው አየር መሳቢያ አካል ነው። ሌሊቱን የውሃው ኦክስጅን እየቀነሰ ይሄድና ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። ያን ጊዜ ቆሮሶው አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን ሲያቃስት፣ አምባዛው ግን ብቅ ብሎ ከአየር ላይ ይተነፍስና ሥራውን ይቀጥላል። አንዱ ታፍኖ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

አምባዛ ለገዛ ዘሩም አይመለስም። ጫጩቱ ገና መብላት እንደጀመረ ታላቁ ታናሹን ጅራቱን ይዞ ከኋላ ወደ ፊት መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ አፉ ስለማይበቃው ጭንቅላቱን ትቶ ይሄዳል። ጥቂት ሲያድግ ደግሞ ሙሉውን ይውጠዋል። አንድ ቀን ከተፈለፈሉ ጫጩቶች መካከል ጥቂቱ ቀድሞ ካደገ፣ ያ ጥቂቱ ወንድሞቹን እየበላ ይበልጥ ያድጋል፤ ባደገ ቁጥርም ሊውጠው የሚችለው ይበዛል። የአምባዛ ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች በየጥቂት ቀኑ በመጠን የሚለዩት ለዚህ ነው። ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ። ይህ ሥራ ያሰለቻል፤ ነገር ግን አንድ ሳምንት የተዘለለ መለየት ብዙ ጫጩት ሊያስጨርስ ይችላል።

"እንግዲያው አምባዛን ጨርሶ ለምን አንተወውም?" ትሉኝ ይሆናል። አንተወውም፣ ምክንያት አለን። ቆሮሶ ብቻውን ኩሬ ውስጥ ሲገባ ያለ ልክ ይራባል። እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ተጠብቆ የሚያድግ ጫጩት ብዙም አይሞትም። ውሃው በሚሞቅበት ወራት እናቲቱ እየደጋገመች ትወልዳለች፤ ልጆቿም ገና ትንንሽ ሳሉ መውለድ ይጀምራሉ። ስድስት ወር ቆይታችሁ መረብ ስትጥሉ የምታገኙት ለመጥበሻ የማይሆን ጣት የሚያህል ዓሣ ይሆናል። መኖውን ሁሉ ተካፍለው ማንም አላደገም። አምባዛ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ትርፍ ጫጩቱን ይበላና ቀሪው እንዲያድግ ያደርጋል። የተበላውም ቢሆን የአምባዛ ሥጋ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ማቀናጀቱ ጥሩ ነው፤ አባታችንን የጎዳቸው የአምባዛው መጠንና የገባበት ጊዜ ነው።

(ድምፅ፦ ውሃ ሳፋ ላይ ሲቀዳ።)

ባለሙያ፦ ሳፋውን እዚህ ያስቀምጡልኝ አባቴ። ውሃ ይጨምሩበት። እንዲህ። አሁን አንድ አምባዛና አንድ ቆሮሶ ጎን ለጎን እናድርግ።

አርሶ አደር፦ ይኸው። ቆይ ሾለከብኝ... ያዝኩት።

ባለሙያ፦ የአምባዛውን አፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በስንደዶ ይለኩት። ለኩ? ስንደዶውን እዚያ ላይ ይስበሩት። አሁን ያንኑ ስንደዶ ቆሮሶው ላይ ያኑሩ፤ ከሆዱ እስከ ጀርባው ድረስ።

አርሶ አደር፦ ስንደዶው ይበልጣል።

ባለሙያ፦ ስለዚህ ይገባለታል ማለት ነው። ቆሮሶው ከስንደዶው በግልጽ ካልበለጠ አንድ ላይ አያድርጓቸው።

አርሶ አደር፦ እንዲህ ቀላል ነገር ነው ይኼን ሁሉ ዓሣ ያስበላኝ!

(ድምፁ ይጠፋል።)

አቅራቢ፦ አምባዛ አኝኮ አይበላም፤ አፉ የቻለውን ይውጣል። ቆሮሶ ደግሞ ጎኑ ሰፊ፣ የጀርባው ክንፍ እሾሃማ ነው፤ ሲነካ እሾሁን ያቆመዋል። ስለዚህ ጥቂት ካደገ ለመዋጥ አስቸጋሪ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ቆሮሶውን አስገቡ፣ ያድግ። ከሳምንታት በኋላ ዳር ዳሩን ስታዩ ጥቃቅን ጫጩቶች በመንጋ ሲዋኙ ታገኛላችሁ፤ ቆሮሶው መውለድ ጀምሯል ማለት ነው። አምባዛው የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ከመጀመሪያዎቹ ቆሮሶዎች ያነሰ ጫጩት ሆኖ። ትልልቆቹን መዋጥ አይችልም፣ አዲስ የተወለዱትን ግን ይለቅማል። ለጀማሪ ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ይበቃል። 150 ካሬ ሜትር በሆነው ኩሬ፣ በካሬ ሜትር ሁለት ቆሮሶ ብናደርግ፣ 300 ቆሮሶና 30 አምባዛ ማለት ነው። አባታችን ያመጧቸው አምባዛዎች ሃያ ብቻ ነበሩ፤ ቁጥራቸው አልበዛም፣ ችግሩ ያለው አፋቸው ላይ ነው።

ጫጩት የምታገኙበትም ቦታ ወሳኝ ነው። ከወንዝ የተያዘ ዓሣ መጠኑ የተዘበራረቀ ነው፤ ምን በሽታ እንደተሸከመም አይታወቅም። በባለሙያ እጅ የተለየና በመጠን የተመረጠ ጫጩት ጠይቁ። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለአካባቢያችን ቅርብ ነው፤ የወረዳችሁን የእንስሳት ባለሙያ ይዛችሁ ጠይቁ።

ደግሞ እናንተ ያላስገባችሁት አምባዛ ራሱ ይመጣል። የፎገራ ሰው ይህን አይዘንጋ። አምባዛ የሚወልደው ክረምት ሲገባ፣ ወንዝ ሞልቶ ሣር በተኛበት ውሃ ላይ ነው። ሸሸርና ወላላ የመሳሰሉት ረግረጎች ለዚህ የታወቁ ናቸው። ርብ ከአፉ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲተኛ አምባዛው ከውሃው ጋር ይመጣል፤ በእርጥብ መሬት ላይም ጥቂት እየተሳበ መሄድ ይችላል። ስለዚህ የኩሬው ግድብ ጎርፉ ከሚደርስበት በላይ ከፍ ይበል። ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቧንቧ ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት ይሸፈን፤ ወንፊቱም በክረምት በየቀኑ ይጠረግ፣ አለዚያ ይደፈንና ውሃው በግድቡ ላይ ይፈስሳል። እባካችሁ ለዚህ ሥራ የአልጋ አጎበራችሁን እንዳትነኩ! ፎገራ የወባ አገር ነው፤ አጎበሩ ልጆቻችሁ የሚተኙበት ነው።

(ሙዚቃ፤ ሦስት ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ መበላላቱን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ መጣላቱ እንሂድ። ይህኛው ቆሮሶ ከቆሮሶ ጋር የሚያደርገው ነው።

ወንዱ ቆሮሶ ሲጎለምስ የኩሬውን ወለል በአፉ እየቆፈረ ክብ ጉድጓድ ያበጃል። ጭቃውን በአፉ ሞልቶ ወስዶ ራቅ አድርጎ ይተፋዋል፣ ተመልሶ ደግሞ ይቆፍራል። ያ ጉድጓድ ሴቷን የሚጠራበት ቤቱ ነው። ሌላ ወንድ ከቀረበ መጀመሪያ ጎኑን ያሳየዋል፤ ክንፉን ሁሉ ዘርግቶ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ያኛው ካልሸሸ በጅራቱ ውሃ ይገፋበታል። ይህም ካልበቃ አፍ ለአፍ ይያያዙና ይጓተታሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፤ የተሸነፈው ዓሣ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑና ገላው ይጠቁራል። "ተሸንፌያለሁ፣ ተወኝ" ማለቱ ነው። አሸናፊው ገላው ፈካ ያለ ሆኖ ይቆያል። ሁለት ወንድ ቆሮሶ በጠራ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ብትመለከቱ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በሐይቅ ቢሆን የጠቆረው ይሄዳል። በኩሬ ግን እየጠቆረ እዚያው ይኖራል።

የተገፋ ዓሣ በአንድ ቀን አይሞትም። መኖ ስትጥሉ አይመጣም። ኩሬው ጥግ ላይ፣ ከላይ በኩል ብቻውን ይቆማል። ጅራቱ ተቦጭቆ፣ ጎኑ ላይ ቅርፊቱ ረግፎ ታዩታላችሁ። ከዚያ በቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይበቅላል፤ የሚገድለው እሱ ነው። ባለ ኩሬው የሚያየው የመጨረሻውን ስለሆነ "በሽታ ገባብኝ" ይላል። መነሻው ግን ጠብ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙልኝ፦ ጎህ ሲቀድ ዓሣው ሁሉ ላይ ላዩን አፉን ከፍቶ ከታየ ኦክስጅን አንሷል፣ ንጹህ ውሃ ጨምሩ፣ መኖም ቀንሱ። አንድ ሁለቱ ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዘው ከቆሙ ግን እየተባረሩ ነው።

ለዚህ ጠብ ምን እናድርግ? ብዙ ሰው የሚመልሰው "ዓሣውን እንቀንስ" ብሎ ነው። ቆሮሶ ላይ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ እንዲያውም ይገለበጣል። ሰፊ ኩሬ ውስጥ ጥቂት ቆሮሶ ሲኖር እያንዳንዱ ጉልበተኛ የራሱን ክልል ይዞ ደካማውን ለይቶ ያሳድዳል። በካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ሲሆኑ ግን ጉልበተኛው ማንን እንደሚያባርር ይጠፋዋል፤ አንዱን ሲያባርር ሌሎች አምስት ቤቱ ይገባሉ፣ ይታክተዋል። ከዚያ በላይ ማጨናነቅ ደግሞ ኦክስጅንና መኖ ይጨርሳል። ልኩን መያዝ ነው።

ያለ ልክ መራባቱን ለመግታት ሴቶቹን ለይቶ ወንድ ብቻ ማርባትም አለ። ቆሮሶው የእጅ መዳፍ ሲያህል ገልብጣችሁ ከሆዱ በታች ተመልከቱ፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ሴት ከሌለች መውለድ የለም፣ ዓሣውም ቶሎ ያድጋል። ሆኖም ተሳስቶ አንዲት ሴት እንኳ ብትገባ ኩሬው እንደገና በጫጩት ይሞላል፤ ዓይን የሚፈልግ ሥራ ነው።

መኖውን በአንድ ቦታ አትድፉ። በአንድ ቦታ የተደፋ ፋጉሎና ፉርሽካ ለጉልበተኛው ብቻ ነው፤ ቆሞ ይጠብቀዋል። በሁለት ሦስት አቅጣጫ በትኑት፤ ረፋድ 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ያህል ብቻ። የጠገበ አምባዛም የሚያድነው ይቀንሳል፤ እጅግ የሚበላላው የተራበ ጊዜ ነው።

መጠለያ አድርጉለት። የቅርንጫፍ እስር በድንጋይ አስራችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፤ የተሰበረ እንስራ፣ አሮጌ ጎማ፣ የተቆረጠ ቧንቧ ሁሉ ይሆናል። ጥቅሙ ሁለት ነው። ተባራሪው ይገባበታል፤ ከዚህ ደግሞ የሚበልጠው፣ ሁለት ጉልበተኞች እንዳይተያዩ ይጋርዳል። ዓሣ ያላየውን አይጣላም። የአምባዛ ጫጩት በጨለማና በተሸፈነ ቦታ እርጋታው ይጨምራል፤ ስለዚህ ጫጩት ያለበትን ገንዳ ከፊሉን በሣር ዳስ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ይረዳል።

(አጭር ሙዚቃ።)

አቅራቢ፦ ይህንኑ ችግር እጅግ በጠበበ ውሃ ውስጥ የሚታገሉ ሰዎች አሉ። በሌሎች አገሮች የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየም በሚሉት፣ ቤታቸው ውስጥ ያኖራሉ። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው የሟሟበት ውሃ ያዘጋጁና ከቀይ ባሕርና ከሌሎች ሞቃት ባሕሮች የመጡ ባለ ቀለም ዓሦችን ያስገባሉ። የገንዳው ውሃ 200 ሊትር ቢሆን፣ አንድ በርሜል ማለት ነው። መሸሻ የለም ካልን ከዚህ የባሰ የት አለ?

ዳምሰልፊሽ የሚባል ከጣት ብዙ የማይበልጥ ዓሣ አለ። በባሕር ውስጥ በአንድ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሣር መሰል ነገር እንደ ማሳ ይጠብቃል፤ አሥር እጥፍ የሚበልጠውን ዓሣ ያባርራል፣ ጠላቂ ሰው እጁን ቢያስገባ እንኳ ይነክሳል። ክላውንፊሽ የሚሉት ደግሞ በመርዛማ የባሕር ፍጡር ክንዶች መካከል ቤት ሠርቶ ይኖራል። በዚያ ቤት የምትነግሠው ትልቋ ሴት ናት፤ እሷ ስትሞት ከሥሯ ያለው ወንድ ተለውጦ ሴት ይሆናል። እነዚህን በአንድ መስታወት ውስጥ ከሌሎች ጋር አስታርቆ ማኖር ጥበብ ይጠይቃል።

እነዚህ ሰዎች በልምድ የደረሱበት ለእኛም ይሠራል። ጉልበተኛውን መጨረሻ ላይ ያስገቡታል፤ ቀድሞ ከገባ ገንዳውን ሁሉ የራሱ ያደርገዋልና። በመልክና በቅርጽ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አያደርጉም፤ ዓሣ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ራሱን የሚመስለውን ነውና። እንግዳ ዓሣ ሲመጣ መጀመሪያ በተበሳሳ ሳጥን ውስጥ አድርገው ገንዳው ውስጥ ያቆዩታል፤ ነባሮቹ ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ሊነክሱት ግን አይችሉም። ሲለቁትም መብራት አጥፍተው ነው። ነባሩ አልበገር ካለ ድንጋዮቹን ያቀያይራሉ፤ ሰፈሩ ሲለወጥበት ነባርነቱን ያጣና ከእንግዳው እኩል ይሆናል።

እኛ ይህን ወደ ኩሬ ስናመጣው እንዲህ ነው። ቆሮሶ ባለበት ኩሬ ላይ አዲስ ቆሮሶ ለመጨመር ስታስቡ፣ አራት እንጨት ተክላችሁ በመረብ የተከለለ ሳጥን በውሃው ውስጥ ሥሩ። አዲሶቹን በዚያ ጥቂት ቀን አቆዩ፣ እዚያው መግቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ግን የመጡበትን ፕላስቲክ ከረጢት ሳትፈቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ በኩሬው ውሃ ላይ አንሳፍፉት፣ የሁለቱ ውሃ ሙቀት ይመጣጠን። ከዚያ የኩሬውን ውሃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ወደ ሳጥኑ ልቀቁ። ሰዓቱም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን። ከሳጥኑ የምትለቁበት ዕለት የቅርንጫፉን እስርና እንስራውን ቦታ አቀያይሩ። ነባሮቹ ሰፈራቸውን እንደ አዲስ ሲፈልጉ እንግዶቹም አብረው ይፈልጋሉ።

ሩዝ ማሳ ላይ ዓሣ ለመልቀቅ ለምታስቡም አንድ ቃል። በማሳው ዙሪያ ወይም በመካከሉ ጠለቅ ያለ ቦይ ከሌለ ዓሣው ውሃ ሲጎድል አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ መበላላቱም ጠቡም ይበረታል፤ ወፎቹም ቆመው ይለቅሙታል። ፀረ ተባይ የምትረጩበት ማሳ ላይ ጨርሶ አትልቀቁ። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ስላለ ከመጀመራችሁ በፊት ባለሙያዎችን አነጋግሩ።

አንድ ነገር አክዬ ልጨርስ። ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ሽቅብ ሲወጣ የሚሄደው ለመውለድ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መያዝ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለውን ዘር ማጥፋት ነው፤ ከዚያ የተያዘውንም ለኩሬ ብላችሁ አትግዙ።

ባለሙያዋ ለአባታችን የሰጠችው የመጨረሻ ምክር ደግሞ ይህ ነው። የኩሬው ውሃ ይፍሰስ፣ ትልልቆቹ አምባዛዎች ይውጡ። ነገር ግን ውሃው ስላለቀ አምባዛው አልቋል ብለው እንዳያምኑ፤ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አየር እየሳበ ይቆያል፤ አዲስ ውሃና አዲስ ጫጩት ሲገባ ወጥቶ ይበላል። ስለዚህ ጭቃው በአካፋ ይገላበጥ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ወለሉ ሰው ሲራመድበት እግር እስከማይሰጥም ድረስ ይድረቅና ይሰነጣጠቅ። ከዚያ በወንፊት ያለፈ ውሃ ይግባ፣ ቆሮሶው ይቅደም፣ ትንንሾቹ አምባዛዎችም በስንደዶ ተለክተው ይከተሉ።

(የመውጫ ሙዚቃ።)